ለጠመንጃ ልብስ ስሰፋ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወልቂጤ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን የእህል መጋዘን የሚጠብቀው ዘበኛ የስፌት መኪና ዘይት ሊለምነኝ መጣ። ስፌት ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ መኪናዋ ግን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች፣ ዘይቱም አልጠፋም። «አባባ፣ ጠብታ ቢሰጡኝ ለጠመንጃዬ ነበር፣ ዝገት ሊጨርሰው ነው» አለኝ። ሰጠሁት። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ያሸው ጀመር። ሽታው ሲመጣብኝ ባጃጁም፣ የሚኒባስ ረዳቱ ጩኸትም፣ የጎረቤቴ የሞባይል ሱቅ ዘፈንም ራቀብኝ። መቀመጫዬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ዘበኛው አይቶኝ «አይዞዎት አባባ፣ ባዶ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከሰው አፍ ስትወጣ መስማት የማልወደው ቃል ብትኖር እሷው ናት። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ቁጥር ላይ ጎበዝ አይደለሁም። የጃንሆይ ዘመን እየመሸ ነበር፤ እኛ ግን መምሸቱን አናውቅም። እኔ የማስታውሰው አንድ ክንድ ካኪ አንድ ብር ከስሙኒ እንደነበር፣ ለሱሪ ማሰፊያ ሰባ አምስት ሳንቲም ስጠይቅ ሰዉ «ኧረ ተው ከድር፣ አላህን ፍራ» ይለኝ እንደነበር ነው። ሱቄ ቡታጅራ ነበረች፤ የእንሴኖ መንገድ ከገበያው ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ከፊቷ በረንዳ፣ ከኋላዋ ባሕር ዛፍ። ጎኔ ያለው ጠጅ ቤት ራዲዮ ስለነበረው ዘፈኑን በነፃ እሰማለሁ፤ የመኪናዬ መርገጫም ሳላውቀው በዘፈኑ ምት ይሄድ ነበር። አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱ ጎረምሶች ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ የቴትሮን ሸሚዝ ለብሰው፣ «የሱሪውን ታች አስፋልን» እያሉ ይመጣሉ። አባቶቻቸው ደግሞ «አጥብብለት፣ መንገድ ጠራጊ አይደለም» ይሉኛል። እኔም የመሃሉን እሰፋና ሁለቱም ይቆጡኛል። ዛሬ የልጅ ልጄ ጉብሬ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ስትመላለስ የምትለብሰውን ሰፊ ሱሪ ሳይ ብቻዬን እሥቃለሁ።

እንጀራዬ ግን በሱሪ ብቻ አልነበረም። የጠመንጃ ልብስ እሰፋ ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር ልጆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ያለው ሰው ጠመንጃውን ራቁቱን ይዞ ገበያ መውጣት ያፍራል። ከካኪ ወይም ከሸራ፣ ገበሩ ለስላሳ ጨርቅ፣ አፉ ላይ ማሰሪያ፣ ዳሩ ላይ እንደ ባለቤቱ አቅም ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥልፍ ያስደርጋል። ሬሳ ሲሸኝና ሠርግ ሲታጀብ ከሰውየው ይልቅ የጠመንጃው ልብስ ይታያል። ጠመንጃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ሳይለካ አይሰፋለትም። ስለዚህ የመስቃንና የአካባቢው ጠመንጃ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ በሜትር ተለክቷል። ምንሽር ረዥምና ቀጭን ነው፣ ጨርቅ ይበላል፤ መቀርቀሪያው ወደ ጎን ስለሚወጣ እሱን ማስገቢያ ትንሽ እጅጌ ይሠራለታል። አልቤን አጠር ብሎ ከባድ ነው፣ ስፌቱን ድርብ ካላደረግኸው በወሩ ይተረተራል። ዲሞትፈር የሽማግሌዎች ነበር፣ ሰደፉ ከእጅ ብዛት አልቆ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ስለ መተኮሳቸው አንድም ነገር አላውቅም። ወገባቸውን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ እነግራችኋለሁ።

አሁን ደግሞ ማፈር የለብኝም፣ ጠመንጃ እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ሙያውን የተማርኩት እዚህ ወልቂጤ ጋሽ ናስር የሚባሉ ሰፊ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ባዶ ነው ያለውን አሮጌ ጠመንጃ ሲለኩ ጮኸ። ሰው አልተነካም፤ ጥይቱ ከጆሯቸው በላይ አልፎ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ጋሽ ናስር ቀዳዳዋን አልደፈኑም፤ በክረምት ዝናቡ በእሷ እየገባ መሥሪያ ጠረጴዛችን ላይ ጠብ ሲል እኔ በያንዳንዷ ጠብታ እደነግጥ ነበር። ቡታጅራ የራሴን ሱቅ ስከፍት ታዲያ የመጀመሪያው ሕጌ ይህ ሆነ፦ ሱቄ የሚገባ ጠመንጃ ሁሉ አስቀድሞ ከኋላ ባሕር ዛፉ ጋ ሄዶ ከሥሩ ወዳለው ገደል አንድ ይተኩሳል። መቀርቀሪያውን ከፍቶ ማየት ይቀል ነበር፤ ግን እኔ ብረቱን መንካት እፈራለሁ፣ ባለቤቶቹም ሰፊ ሆዱን ከፍቶ ሲያይባቸው ንቀት ይመስላቸዋል። መተኮስ ግን ደስ ይላቸዋል። የተኮሰ ጠመንጃ ደግሞ መቀርቀሪያው እንደገና ካልተሳበ ድፍን ብረት ነው፤ ባዶ ቀለሁን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ትክክልም ነበር። በገበያ ቀን ከባሕር ዛፉ ድው ሲል ቅቤ ሻጮቹ ዘወር እንኳ ሳይሉ «ከድር ጋ የሚለካ መጥቷል» ይባባላሉ።

አሁን በምነግራችሁ ቀን የመጣው ባሻ ወልዴ ነበር። ባሻ ወልዴ የድሮ ወታደር ነው፤ ግራዝማች ከርጋ የሚባሉ እንሴኖ አጠገብ ሰፊ መሬትና ወፍጮ የነበራቸው ሰው ዘንድ ያደረ፣ ጠመንጃ በማወቁ ቡታጅራ ውስጥ አቻ የሌለው። የተበላሸ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ።

«ምን ይዘው መጡ ባሻ?» አልኩት።

«ጉድ ነው የያዝኩት። ግራዝማች አዲስ አበባ ወርደው ገዙት። የአደን ነው አሉ፣ ፈረንጅ ለአውሬ የሠራው። ዋጋውን ብነግርህ ዛሬ አትሰፋም፤ ሁለት ጥንድ በሬ በል።»

ጋቢውን ገለጠው። እስከዚያ ቀን ያየኋቸው ጠመንጃዎች ሁሉ ጭስና ላብ የሚሸቱ፣ እንጨታቸው የጠቆረ ነበሩ። ይህኛው እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ያበራል። እንጨቱ ላይ የዛፉ መስመሮች ይታያሉ፣ ሰደፉ ጫፍ ጥቁር ጎማ ተለጥፎበታል፣ የሚሸተውም የስፌት መኪናዬን ዘይት ነው። ከምንሽር በስንዝር ያጥራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን መቀርቀሪያ አጣሁበት። እጅጌ የሚሠራለት ነገር የለም፤ በቀኙ በኩል ጣት የምታክል እጀታ ብቻ፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ ትንሽ የጥይት ካዝና።

«በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?» አልኩት።

«ራሱ ይጎርሳል ይላሉ። አንዴ ታቀብለዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው። እኔ አልወደድኩትም። ሲያነሡት ቀላል፣ ሲተኩሱት ትከሻ አይነካም አሉ፤ ይሄ የሰነፍ ጠመንጃ ነው። ምንሽር ሲሆን ለያንዳንዷ ጥይት ትለፋለህ፣ ስለምትለፋም ታስብበታለህ።» ካዝናውን መታ መታ አደረገና «ግራዝማች ራሳቸው አቀብለው ነው የሰጡኝ፤ 'የከድርን ሕግ አክብር፣ ተኩስና አስገባው' ብለውኛል» አለ።

ወደ ኋላ ሄደ። ድምፁ ከለመድነው ይለያል፣ ደረቅና አጭር ነው፤ ቅቤ ሻጮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘወር አሉ። ባሻ ሲመለስ ቅንድቡ ተሰቅሎ፣ በመዳፉ ትኩስ ቀለህ ይዞ ነበር።

«አየህ ይሄን? እኔ ሳልነካው ራሱ ተፋው። ምንሽር ቢሆን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይቀር ነበር። ይሄ ግን ቀለሁን እንኳ አላስቀረም፤ ጥርግ ብሎ ባዶ ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። በሕይወቴ አንድ ጠመንጃ ባዶነቱን በዓይኔ ያሳየኝ ያኔ ነው። ፍርሃቴ ለቀቀኝ። እኔ፣ ጠመንጃ ሲለካ ከአፈሙዙ በኩል ቆሜ የማላውቀው ሰው፣ ሰደፉን መሬት ላይ አቁሜ፣ ጎንበስ ብዬ አፈሙዙን ደረቴ ላይ አስደግፌ ለካሁት። ባሻም በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ዛሬስ ወንድ ሆንክ» እያለ ያሾፍብኛል። ቃታው ዙሪያ ያለውን ቀለበት ስለካ አውራ ጣቴ ከቃታው ጀርባ ያለች ትንሽ የብረት ቁልፍ ነካ፤ ቀጭ አለችና ወደ ሌላው ጎን ገባች። ክው አልኩ። የሰበርኩ መሰለኝ። የሁለት ጥንድ በሬ ዕቃ ሰበርኩ ብዬ ቀና ስል ባሻ ወደ ገበያው እያየ ነው። ሳልነግረው ሜትሩን ወደ አፈሙዙ አሻገርኩ፤ ዳግመኛም አልነካኋትም።

ልብሱ በአንድ ቀን የሚያልቅ አልሆነም። ቅርጹ አስቸገረኝ፤ ስሰፋ ሆዱ ጋ ይጠብብኛል፣ ስፈታ አፉ ጋ ይሰፋብኛል። ባሻ «ሦስተኛው ቀን ላይ ግራዝማች ራሳቸው ይመጣሉ» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ጠመንጃው ሦስት ቀን አብሮን ኖረ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች። ባለቤቴ ዘይነባ ቁልፍ የምትተክለው፣ ጥልፍ የምትጠልፈው ጎኔ ተቀምጣ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃችን ፈቲያ ያኔ ገና መዳህ የጀመረች፣ ብዙውን ጊዜ እናቷ ጀርባ ላይ የታዘለች ናት። ፈቲያ የጠመንጃውን ማንገቻ ስታኝክ አይቼ እሥቅ ነበር። ግድግዳ ላይ ስሰቅለው፣ ሳወርደው፣ ሳለብሰው፣ ሳወልቀው፣ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ አንድ ቀን ልብ አላልኩም። ዘይነባ «ምነው ይሄኛውን አልፈራኸው?» ስትለኝ «ይሄ ሐቀኛ ነው፣ የያዘውን ተፍቷል» እላታለሁ። የመጣውን ጎረቤት ሁሉ እንደ እንግዳ አስተዋውቄዋለሁ። ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ አነጣጠረ፣ የጠጅ ቤቷ ባለቤት አነጣጠረች፣ እኔም ከምንሽርና ከአልቤን ጋር እያወዳደርኩ እንደ ነጋዴ አመሰገንኩት።

በሦስተኛው ቀን ግራዝማች ከርጋ በበቅሎ መጡ፣ ባሻ ወልዴ ከኋላቸው። ዘይነባ ልጇን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ልብሱን አዩት፤ ካኪ፣ ገበሩ ቀይ፣ ዳሩ በዘይነባ አረንጓዴ ጥልፍ። ወደዱት። ደስ ሲላቸው «ና እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ፣ ይህን ያየ የቡታጅራ ሰው የለም» አሉኝ። ጠመንጃውን አወጡና አፈሙዙን ወደ ደጅ አድርገው ያችን ጣት የምታክል እጀታ ሳቧት። አንድ ጥይት ዘሎ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። ቀለህ አይደለም፣ ሙሉ ጥይት ነው፣ እርሳሱ ከነጫፉ። ተንከባልሎ ጠመኔው ጋ ቆመ። ግራዝማች እሱን እያዩ እንደገና ሳቡ፤ ሌላ ወጣ። እንደገና፣ ሌላ። አራት ሆኑ። ካዝናው ባዶ ሲሆን እጃቸው ቆመ።

«ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነበር?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ባሻ ወልዴ ነው የመለሰው። «ጌታዬ፣ እኔ ራሴ ተኩሼ ነው ያስገባሁት። ቀለሁን ተፋው፣ በእጄ ይዤዋለሁ።»

«ሲተፋ እኮ ነው ሌላውን የሚጎርሰው፣ ወልዴ። አንዱን ይተፋል፣ አንዱን ይጎርሳል። ሌላ ምን ሥራ አለውና ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት? ነግሬህ የለም?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ቀለሁን ሳይ ነው የጠፋብኝ።» ይህን ብሎ ያ ቁመተ ረዥም ሰው በረንዳዬ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ ያወቀ ሰው እጁን ጭኑ ላይ ገልብጦ እንደማያውቀው ዕቃ ያየዋል።

ግራዝማች ጠመንጃውን አገላብጠው ያችን ቁልፍ አዩና «መቆለፊያው ተገፍቷል። ማን ገፋው?» አሉ። እኔ አሁንም የሚያስከፍሉኝ መስሎኝ «እኔ እንጃ ጌታዬ» አልኩ። «ማንም ይሁን፣ የገፋው እጅ ይባረክ። ይህች ባትገፋ ቤትህ ውስጥ ለቅሶ ነበር» አሉኝ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ቀጥለው ባሻን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ «ይህ ነገር ከሦስታችን እንዳይወጣ። ለሚስትህም አትንገራት፤ ወተቷ ይደርቃል» አሉ። ካኪውን አለበሱትና ሄዱ።

ፍርሃቱ የመጣው ከሄዱ በኋላ ነው። ነገሩ ሳይመጣ ሰው የሚፈራውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፣ የሚሸሹበት የለውም። ሜትሬን አንሥቼ ሱሪ ልለካ ስል ደረቴ ላይ ክብ ብረት ይሰማኛል። ፈቲያ ስታኝከው የነበረውን ማንገቻ አስብና አፈሙዙ የት ነበር፣ ወደ ሆዷ ነበር፣ ወደ እናቷ ነበር እያልኩ መቀሱን አስቀምጣለሁ። ያነጣጠሩት ጎረቤቶች ወዴት ነበር ያነጣጠሩት? ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ ወደ ጠጅ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቷ ባለቤት ደግሞ በቅሎ ላይ ወደነበረ ገበያተኛ። እነሱን ሰላም ስላቸው ድምፄ ይጠፋብኛል። ከዚያ ወዲያ የጠመንጃ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። ዓይኔ ደከመ አልኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ። ሰዉ ሣቀብኝ። ባሻ ወልዴ እስኪሞት ድረስ በየዓመት በዓሉ ለፈቲያ በእንሰት ቅጠል የታሰረ ቅቤ ይልክ ነበር፤ ዘይነባ «ይሄ ሽማግሌ ልጄን ሲወዳት» ትላለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ዘመኑም ወዲያው ተገለባበጠ፤ ጠመንጃዎቹ ተለቀሙ፣ ግራዝማችም ከነማዕረጋቸው ቀሩ፣ ሱቄንም ዘግቼ ወደ ተወለድኩበት ተመለስኩ። ያን ልብስ ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ዘበኛውን ትቼ ስገባ ዘይነባ ጓዳው በር ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ፊቴን አይታ «ምን ሆንክ የፈቲያ አባት?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኳት። ያን ያህል ዓመት የያዝኩትን ነገር ለመጨረስ ጎመኑ ግማሽ እስኪሆን እንኳ አልፈጀብኝም። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። እጇ ብቻ ቆመ።

«ቁልፏን መቼ ነው የገፋሃት?» አለችኝ።

«ባሻ ተኩሶ እንደገባ፣ የመጀመሪያውን ቀን ስለካ። ከዙሁር ሶላት በፊት።»

«ወላሂ ከዙሁር በፊት?»

«ከዙሁር በፊት ነው። ምነው?»

ወደ ደጃፉ፣ ወደ ዘበኛው አየች። «የዚያኑ ቀን ሰግደህ መጥተህ ጎንበስ ብለህ ገበሩን ትቆርጥ ነበር። ፈቲያ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች። ላሥቃት ብዬ ያን ነገር አነሣሁና ወደ ጀርባህ አድርጌ 'አባባን ዷ' አልኩና ሳብኩት። አልነቃነቅ አለ። እሷ ሣቀች። ደግሜ በሁለት ጣቴ ሳብኩት፣ በኃይል። እንቢ ሲለኝ የሰው ዕቃ ሰበርኩ ብዬ ፈራሁና መልሼ ሰቀልኩት። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ሁለታችንም ጎመኑን እናያለን። ከባሻ ተኩስ እስከ ቀትሩ ሶላት ያለው ጊዜ ስንት ነው? አንዲት ሱሪ አትሰፋበትም። ዘይነባ ቀኝ እጇን ከጎመኑ ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው፤ ያመማት ይመስል ደረቷ ላይ ያዘችው።

ጎመኑን የጨረሰችው ፈቲያ ናት። አመሻሹ ላይ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀን መጥታ እናቷን እንዲያ ስታያት «እማዬ፣ እጅሽን ምን ሆንሽ?» አለቻት። ዘይነባ አየችኝ።

«ምንም አልሆነችም» አልኳት።